«ጸደይ» እና የወፎች ፍልሰት

ስለ አውሮፓ የሐይቅና የረግረግ ወፎች የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ የመጀመሪያው ዕንቅፋት የወቅቱ ስም ነው። «ጸደይ» በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ዘመን ሲሆን፣ በዘልማድ ግን ብዙ ሰው አደይ የሚፈነዳበትን የመስከረምን ወራት ይለዋል። ልዩነቱ ትርጕሙን ይገለብጣል፤ ከሰሜን የሚነሡት ዳክዬዎችና ሽመላዎች ከመስከረም ጀምሮ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይመጣሉ፤ እስከ ሚያዝያም ወደ መራቢያቸው ይመለሳሉ። አውሮፓዊው «በጸደይ መጡ» ሲል፣ ዝዋይ ዳር ለቆመ ተመልካች «ሄዱ» ማለት ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ወሩን በስሙ ቢጠራና የተመልካቹን ስፍራ ቢገልጽ ይመረጣል። «ስደተኛ ወፍ» ከማለትም «ፈላሲ ወፍ» ይሻላል፤ ስደት መገፋትን ያሰማል፤ ወፉ ግን ወቅቱን ጠብቆ በየዓመቱ ይመላለሳል።