ቺንጋው ለምን ቶሎ ይበጠሳል?

በካናዳና በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል የብርዱ ወራት ሲገባ፣ ጧት ደጁን ከፍቶ የሚወጣ ሰው አንዳንድ ቀን ከጉልበቱ በላይ የተቆለለ በረዶ ይጠብቀዋል። መንገዱ ካልተጠረገ ሠራተኛው ከሥራው፣ ተማሪው ከትምህርቱ ይቀራል፤ ለታመመም ሐኪም በጊዜ አይደርስለትም። ለዚህ ችግር መላ ከፈለጉት ሰዎች አንዱ የኩቤኩ ተወላጅ አርቱር ሲካር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. በረዶውን አፍሶ ወደ ዳር የሚወረውር መኪና ሠራ። ዛሬ በእጅ እየተያዘ የሚነዳው ትንሹ ዓይነት በብዙ ቤት ይገኛል።

በዚህ መኪና ውስጥ የሞተሩን ኃይል በረዶውን ለሚዝቁት ብረቶችና ለጎማዎቹ የሚያደርሰው የጎማ ቺንጋ ነው። ለዓመታት ሊያገለግል የሚገባው ቺንጋ በጥቂት ሳምንት ሲበጠስ፣ ባለቤቱ ነጋዴውን ይረግማል፤ ሌላ ይገዛል፤ እርሱም ይበጠሳል። ነገር ግን «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» እንዲሉ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቺንጋው ሳይሆን የጎረቤቶቹ ነው። ለዚህም የተበላው ቺንጋ ራሱ ምስክር ይሆናል።

ጎኖቹ ለስልሰው እንደ መስተዋት ካብለጨለጩ፣ ላልቶ ይንሸራተት ነበር ማለት ነው። ቺንጋው ኃይል የሚያስተላልፈው በፑሊው ቦይ ውስጥ በጎኖቹ ተጣብቆ በመያዝ ነውና፣ ሲላላ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ሙቀትን፣ ሙቀቱም የጎማውን መድረቅና መሰንጠቅ ያመጣል። እንግዲህ የሚወጥረው ሽቦ ረዝሞ፣ ወይም ሞላው ደክሞ እንደሆነ መመርመር ነው። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር አልቆሙም። አንድ ቦታ ብቻ ከተቃጠለ ደግሞ ኩሽኔታው ዝጎ ወይም ብረቶቹን በረዶ ይዟቸው፣ የሞተሩ ፑሊ በቆመ ቺንጋ ላይ ይሽከረከር ነበር።

ከመጠን በላይ መወጠርም አይበጅም፤ መያዣው ሲለቀቅ ቺንጋው ከሞተሩ ፑሊ ካልተላቀቀ ያለ ሥራ እየተፋተገ ያልቃል። ርካሽ ነው ብሎ የአውቶሞቢል ቺንጋ መግጠምም ስሕተት ነው። የአውቶሞቢሉ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይሠራል፤ ይህኛው ግን እየላላና እየተወጠረ እንደ ፍሪሲዮን ስለሚያገለግል ጠንካራ ጨርቅ የለበሰ መሆን ይገባዋል።

ከምርመራው በፊት ሞተሩን ማጥፋትና የካንዴላውን ሽቦ መንቀል ያስፈልጋል፤ ጣት እንደ ቺንጋ አይለወጥምና። የተበላሸውን ከመለወጥ በፊት ያበላሸውን መፈለግ ግን ለመካኒክ ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱም ይጠቅማል።