አለቃ ቤት ድረስ ሲከተል

አመሻሽ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ለመጠበቅ የተሰለፈ ሰው የጎረቤቱን ወሬ ሳይወድ ይሰማል። በዙሪያው ካሉት የባንክ ሕንፃዎችና መሥሪያ ቤቶች የወጣው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ አፍኖ የያዘውን የሚተነፍሰው እዚያ ነው። ወሬው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አለቃ ነው።

አንዲት ወዳጄ እዚያው አካባቢ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። አዲሱ ኃላፊ በሰው ፊት ይጮኽባታል፤ ጠዋት ያዘዘውን ከሰዓት በኋላ «ማን አድርጊ አለሽ?» ይላታል። እሷ «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገች ናትና ዝም አለች። አንድ ማታ እራት ላይ የስድስት ዓመት ልጇ ውኃ ቢደፋ ጮኸችበት። ልጁ አላለቀሰም። «ዛሬም አለቃሽ ተቆጣሽ?» አላት።

ባለቤቷ «ነገውኑ ጥለሽው ውጪ» አለ። የቤት ኪራዩስ? የትምህርት ቤት ክፍያውስ? (ባሎችም ሚስቶችም ይህን ምክር ለመስጠት እንቸኩላለን።)

አልወጣችም። አንድ ደብተር ገዝታ ቀኑን፣ የታዘዘችውንና በቦታው የነበረውን ሰው መመዝገብ ጀመረች። በቃል የታዘዘችውን ሁሉ ወዲያው «ዛሬ ጠዋት ባዘዙኝ መሠረት እየሠራሁ ነው፤ የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ» ብላ በኢሜይል ትልካለች። ከዚያ የወሩ ሒሳብ መዝጊያ ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ረጋ ባለበት ጠዋት፣ አሥር ደቂቃ ጠየቀችው። «ስህተቴን ይንገሩኝ፤ ግን ቢሮዎ ውስጥ ይሁን። ሰው ፊት ሲጮኹብኝ የሚሉኝን አልሰማም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለችው። ይቅርታ አልጠየቃትም። «ማን መክሮሽ ነው?» ብሎ አሰናበታት። ጩኸቱ ግን ቀነሰ፤ ኢሜይሉም የጠዋቱን ትእዛዝ ከሰዓት በኋላ ከመካድ አገደው።

በዚህ የማይመለስ አለቃም አለ። ያኔ ወደ ሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ መሄድ ነው፤ ደብተሩ የሚጠቅመውም ይሄኔ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ቢባልም፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለመሰናበቱ ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። በገዛ ፈቃድ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። አሠሪው ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ወይም ፆታዊ ትንኮሳ ከፈጸመ ግን ያለማስጠንቀቂያ መውጣት ይቻላል። ብዙዎች የሚሸወዱት በቀኑ ነው፤ ይህ መብት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል፤ የሚለቁበት ምክንያትና ቀንም በጽሑፍ መገለጽ አለበት። በንዴት በር ወርውሮ የወጣ ሰው ይህን ሁሉ ያጣል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ስለዚህ ያ የሚጮኸው አለቃ ራሱ፣ የእሱ አለቃ ሲጮኽበት፣ የወዳጄን ያህል ከለላ የለውም።

ቤት ውስጥም አንድ ነገር ተለውጧል። ባለቤቷ ምክሩን ትቶ መጀመሪያ ያዳምጣታል፤ የአለቃው ወሬ ከእራት በፊት ያልቃል፣ ልጁ ፊት አይነሳም። ደብተሩ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ባለፈው ወር የተጻፈበት ሁለት ገጽ ብቻ ነው።