የሚግለው ሶኬት

በወልድያም በመርሳም ብዙ ቤት ውስጥ ከሌሎቹ የሚለይ አንድ ሶኬት አለ፤ ፊቱ ወደ ቡኒነት የተለወጠ፣ የአንዱ ቀዳዳ ዳር የቀለጠ። እንጀራ የሚጋገርበት ነው። ጋግራ ስትጨርስ ስፒናውን የምትነቅለው ሴት ሙቀቱን በጣቷ ታውቀዋለች፤ ግን ለምዳዋለችና ለማንም አትነግርም።

ምጣድ ከቤት ዕቃ ሁሉ ብዙ ኮረንቲ ይወስዳል። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ነው፤ ይህ ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። የግድግዳው ሶኬትም አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ቢበዛ ለ16 አምፔር ነው። አዲስ እያለ ይችለዋል፣ ትርፍ አቅም ግን የለውም።

ከሶኬቱ ሽፋን ጀርባ ሽቦውን የሚያስር ብሎንና የስፒናውን እግር ጨምቆ የሚይዝ ናስ አለ። ምጣዱ በተለኮሰ ቁጥር ሁለቱም ይሞቃሉ፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛሉ። በዚህ መፈራረቅ ብሎኑ ይላላል፣ ናሱም መጨበጡን ይተዋል። በላላው ንክኪ ላይ የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ብቻ ቢጨመር፣ በ16 አምፔር 25 ዋት ያህል ሙቀት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይወለዳል። ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ትንሽ መበየጃ ኃይሉ ይኸው ነው። ሙቀቱ ናሱን ይበልጥ ያላላዋል፣ መላላቱም ሙቀቱን ይጨምራል።

ብሬከሩ ይህን አያውቅም። የሚወርደው ኮረንቲው ከልክ ሲያልፍ ወይም ሽቦዎቹ ሲነካኩ ነው፤ እዚህ ግን የሚያልፈው ያው 16 አምፔር ነው። «ብሬከሩ እስካልወረደ ድረስ ምንም የለም» የሚለው አባባል የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው፤ በተለይ ሶኬቱ በእንጨት ላይ በተመታበት የጭቃ ቤት።

ሌላም የሚያላላ ነገር አለ። የሀብሩ ወረዳ ልጆች ከሳውዲ የሚያመጡት የውሃ ማፍያ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና አለው። በእኛ ሁለት ክብ ቀዳዳ ውስጥ በግድ ሲገፋ ናሱን ከፍቶት ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ስፒና ሁሉ ይወዛወዛል። ደህና አዳፕተር መግዛት ይሻላል። ሽቦ ልጦ በክብሪት እንጨት መወተፍ ግን ጨርሶ መቅረት አለበት።

ጥገናው መብራቱን ከዋናው ብሬከር በማጥፋት ይጀምራል። ቀዳዳዎቹ በቴስተር ሳይሞከሩ ካቻቢቴ አይነሳም፤ ቴስተሩም አስቀድሞ መብራት ባለበት ሶኬት ላይ ይፈተሻል። የጠቆረው የሽቦ ጫፍ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ተቆርጦ እንደገና ይላጣል፣ በብሎኑም ጠብቆ ይታሰራል። አንዴ የጋለ ናስ ጉልበቱ አይመለስም፤ ሶኬቱ ይጣል። ስፒናውም አብሮ ይቀየር፤ የተቃጠለ እግር አዲሱን ሶኬት በጥቂት ሳምንት ያበላሸዋል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ናስትሮ መጠቅለል ሽታውን እንጂ ሙቀቱን አይከለክልም፤ በዲቫይደር ምጣድ መለኮስ ደግሞ የላላውን ቦታ ማብዛት ነው።

እውነተኛው መፍትሔ ለምጣዱ የራሱን መስመር መስጠት ነው፦ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና የራሱ 25 አምፔር ብሬከር። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቆጣሪውና ከእሱ በፊት ያለው ገመድ ደግሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ስለሆነ ማንም አይንካው፤ 905 ይደወላል። በኪራይ ቤት ወጪውን አከራዩ ሊሸፍን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ተከራዩ ሲወጣ መስመሩ ከግድግዳው ጋር የሚቀረው ለአከራዩ ነው።