ደጋግሞ የሚመለሰው ፒ 1229

ጋራዥ የገባ መኪና ዛሬ መጀመሪያ «ኮምፒውተር ይታይለት» ይባላል። ይታያል፣ ኮድ ይወጣል፣ ኮዱ ይሰረዛል፣ ባለቤቱ ከፍሎ ይሄዳል። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ያችው ቢጫ የሞተር መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ተመልሳ ትበራለች። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2015 የተመረቱት የቶዮታ ሃይሉክስ የናፍጣ ፒክአፖች፣ ሾፌሮች «ዲ ፎር ዲ» የሚሏቸው፣ በዕድሜ እየገፉ ሲሄዱ ይዘዋቸው ከሚመጡት ኮዶች አንዱ ፒ 1229 ነው።

የመኪናው ጠባይ ግራ ያጋባል። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል። ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ መብራቱ ይበራል፣ ጉልበቱ ይከዳል፣ አንዳንዴም ሞተሩ ጭራሽ ይጠፋል። ቁልፉን አዙረው እንደገና ሲያስነሱት ግን ምንም እንዳልነካው ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው።

ኮዱ ምን እያለ እንደሆነ ለመረዳት የናፍጣውን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ሞተር ፓምፑ ናፍጣን በየኖዝሉ አያከፋፍልም። «ሬል» ወደሚባል አንድ ወፍራም የጋራ ቱቦ ይገፋዋል፤ አራቱ ኖዝሎች ከዚያ ይወስዳሉ። በሬሉ ውስጥ ያለው ግፊት በሚኒሞ ከ300 እስከ 400 ባር አካባቢ ሲሆን፣ ጭነት ሲበረታ ወደ 1,600 ባር ይደርሳል። ሬሉ ላይ ያለው ሴንሰር የግፊቱን ልክ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፓምፑ ላይ የተገጠመች አንዲት ትንሽ ቫልቭ ያዛል። ወደ ፓምፑ የሚገባውን የናፍጣ መጠን የምትወስነው እሷ ናት።

ፒ 1229 የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ «ግፊቱ እንዲወርድ አዝዣለሁ፣ ግፊቱ ግን ካዘዝኩት በላይ ሆኗል»። ይህ ስሞታ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፓምፑ ሞቷል አላለም፣ ኖዝሉ ተበላሽቷል አላለም። የመመርመሪያው መሣሪያ «የነዳጅ ፓምፕ ሲስተም» ብሎ ስለሚጽፍ ግን ሙሉ ፓምፕ ለመግዛት ሶማሌ ተራ የሚሮጥ ባለመኪና ጥቂት አይደለም። አብዛኛው ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው፤ ቢቀር ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ኮዱን አለመሰረዝ ነው። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያን ቅጽበት የሞተር ዙር፣ የመኪናውን ፍጥነትና የሞተሩን ሙቀት አብሮ ይይዛል። ኮዱን ያጠፋ ወይም የባትሪውን ገመድ የነቀለ መካኒክ ይህንን ማስረጃ አብሮ ይጥለዋል። ዙሩ ዝቅ እያለ ፍጥነቱ ግን ገና ከፍተኛ ከሆነ፣ ችግሩ የመጣው እግር ሲነሳ መሆኑን ያ መረጃ ብቻውን ይጠቁማል።

ከዚያ የታዘዘውንና በእውን ያለውን ግፊት ጎን ለጎን እያሳየ የሚሄድ መሣሪያ ሰክቶ መኪናውን መንዳት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወርደው ያለ ረጅም ቁልቁለት ለዚህ ይመቻል። እግር ሲነሳ የታዘዘው ቁጥር ወዲያው ይወርዳል፤ ጤነኛ ሞተር ላይ እውነተኛውም ይከተለዋል። ቫልቯ የምትጣበቅ ከሆነ የታዘዘው 500 ሲል እውነተኛው 800 ላይ ተንጠልጥሎ ይዘገያል። ቁጥሮቹን የሚያነበው ታዲያ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው ይሁን። የሚያፈስ ኖዝል የሚያመጣው ተቃራኒውን፣ የግፊት ማነስን፣ ስለሆነ በዚህ ኮድ ኖዝል ማስፈታት ቦታው አይደለም።

ሽቦና ሶኬት መታየት አለባቸው፤ የዛገ ወይም የላላ ሶኬት ትእዛዙን ያዛባል። የቫልቯ ጠመዝማዛ ሽቦ በኦም መለኪያ ወደ 2 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ብዙ ኤሌትሪሺያን 2 ኦም ሲያይ «ቫልቯ ደህና ናት» ብሎ ይዘጋዋል። መለኪያው የሚመሰክረው ግን ለሽቦው ብቻ ነው። ውስጧ የሚንሸራተተው ብረት በቆሻሻ ተቧጥሮ ቢይዝም ኦሙ ያው ነው።

ብረቱን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ያንን ቅባትነት ያሳጣዋል፤ ፊልትሮው በወቅቱ ካልተቀየረም ደቃቅ ቆሻሻ ያልፋል። ስለዚህ ቫልቯ ስትቀየር ፊልትሮውም ይቀየር፣ ከሥሩ የተጠራቀመው ውሃም ይፍሰስ፤ አለበለዚያ አዲሷም በዚያው መንገድ ትሄዳለች።

ቫልቯ ፓምፑ ሳይወርድ በሁለት ቡሎን ትፈታለች፤ አካባቢዋን አስቀድሞ በደንብ ማጽዳት ግን ግድ ነው። ከተገጠመች በኋላ በመመርመሪያው መሣሪያ በኩል ኮምፒውተሩ አዲሷን ቫልቭ እንዲለምድ ይደረጋል፤ ይህ ከተዘለለ ሚኒሞው መዋዠቁን ሊቀጥል ይችላል። ኮዱ የሚሰረዘው እንግዲህ አሁን ነው። ከዚያ መኪናው ሞተሩ ሞቆ፣ ጭነት ይዞ፣ ችግሩ በታየበት ዓይነት ቁልቁለት ይነዳ፤ ሁለቱ የግፊት ቁጥሮች እኩል ሲወርዱ ካልታዩ ሒሳብ አይከፈልም።