ከቤት ለሚነሡ ቤተ ሰቦች፤ የቤትን ዕቃ በግቢ ስለ መሸጥ

ሰው ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር ዕቃው ሁሉ ተከትሎት ሊሄድ እንደማይችል የታወቀ ነው። በሰፊ ግቢ ውስጥ ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ ቤተ ሰብ ኮንዶሚኒየም ወደሚባለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በሚገባበት ጊዜ ቡፌው በደረጃው አይዞርም፤ ትልቁ የእንጨት አልጋ በመኝታ ቤቱ በር አያልፍም፤ ሙቀጫውም በሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲወቀጥበት ከታች ያለውን ጎረቤት ዕረፍት ይነሣል። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ሥራ ከተጀመረበት ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ፥ ይልቁንም የኮሪደር ልማት ሥራ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፥ ከፒያሳና ከሌላውም አሮጌ ሰፈር ተነሥተው ይህ ችግር የደረሰባቸው ቤተ ሰቦች ብዙዎች ናቸው።

እንዲህ ያለው ቤተ ሰብ የተለመዱ ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው በየመንደሩ እየዞረ «ቆራሌ!» እያለ የሚጣራውን ሰው ጠርቶ ዕቃውን ማስረከብ ነው። ቆራሌው የገዛውን ወስዶ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ለመሳሰሉት ያቀርባል፤ ሥራውም የተከበረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ደኅናውን ወንበር ከተሰበረው ጋር በአንድ ዋጋ ቆጥሮ የሚወስድ ስለ ሆነ ሻጩን አይጠቅምም። ሁለተኛው ደላላ መጥራት ነው። ሦስተኛውም ለዘመድ ማደል ነው፤ ዘመድ ግን ሁልጊዜ ቡፌ የሚያስገባበት ቤት አለው ማለት አይደለም።

እኛ በዛሬው ጽሑፋችን የምናሳስበው አራተኛውን መንገድ ነው፤ ይኸውም ዕቃውን በገዛ ግቢ ውስጥ ደርድሮ፥ ቀን ቈርጦ፥ ለሚመጣው ሰው ሁሉ መሸጥ ነው። በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን «ያርድ ሴል» ሲባል ሰምተውታል፤ በዚያ አገር በቅዳሜ ጧት በየቤቱ ደጃፍ የሚታይ ተራ ነገር ነው። በእኛም ከተማ የሚቀመጡ የውጭ አገር ሰዎች የሥራ ዘመናቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕቃቸውን በመኖሪያ ቤታቸው ሲሸጡ እናያለን፤ ማንም ሰው ግን ከሰሩ ብሎ አላማቸውም። አበሻው ይህን ያደረገ እንደ ሆነ ግን ወሬው ወዲያው ይነሣል። «ዕዳ ይዟቸው ነው» የሚለው አለ፤ «ሐራጅ ወጣባቸው» የሚለውም አለ። ይህን ወሬ ፈርቶ ሌሊት በመኪና ጭኖ ዕቃውን በሩብ ዋጋ የሚያስረክብ ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። ወሬኛው «ሐራጅ» የሚለው ግን ባለዕዳው ሳይወድ ዕዳው እንዲከፈል የሚፈጸም ሽያጭ ነው፤ ባለቤቱ ወዶ፥ አስቦ፥ በሩን ከፍቶ የሚሸጠው ከዚህ ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም። ለሐሜቱም መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሳምንት በፊት ለጎረቤትና ለዕድሩ ሰዎች «እንዲህ ወዳለ ሰፈር ልንዛወር ነውና የማንወስደውን ዕቃ እሑድ እንሸጣለን፤ የሚያስፈልጋችሁ ቀድማችሁ እዩ» ብሎ መናገር ነው። በግልጽ የተነገረ ነገር ለሐሜት አይመችም።

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን የሚያስፈልገው ግን የዋጋው ነገር አይደለም፤ የሚሸጠውና የማይሸጠው የትኛው እንደ ሆነ ነው። የቤት ዕቃ ሽያጭ የሚሰምረውም የሚበላሸውም በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው ብንል አላበዛንም። በአንድ የምናውቀው ቤተ ሰብ ልጆቹ እናታቸውን ወደ አዲሱ ቤት ቀድመው ወስደው፥ «እማማ እንዳይደክሙ» በማለት፥ የቀረውን ዕቃ በአንድ ቀን ሸጠው ጨረሱ። ገንዘቡም መልካም ገንዘብ ነበረ። እናቲቱ ግን በሦስተኛው ቀን ገበታቸውን ጠየቁ። ገበታው የተሰነጠቀና በቆርቆሮ የተጠገነ ነበረና ልጆቹ ለቆራሌው በመጨረሻ የጨመሩት እርሱን ነበር። እናቲቱም ያን ገበታ ከእናታቸው ቤት ለሠርጋቸው ይዘውት የመጡት መሆኑን ልጆቹ አልሰሙም ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸውምና። ልጆቹ ምናለሽ ተራን ሁለት ቀን ቢዞሩም አላገኙትም። እናቲቱም አልተቈጡም፤ ነገር ግን የቡና ሲኒያቸውን ሳይቀር በመኝታ ቤታቸው ሣጥን ውስጥ ይቈልፉበት ጀመር።

ስለዚህ ከሽያጩ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ባለበት፥ በተለይም የቤቱ እመቤትና ሽማግሌዎቹ ባሉበት፥ ቡና ተፈልቶ ዕቃው አንድ በአንድ ይታይ። የሚወሰደው በአንድ ክፍል፥ የሚሸጠው በሌላ ክፍል፥ ገና ያልተወሰነበትም ለብቻው ይቀመጥ። ያልተወሰነበት ነገር ለሽያጭ አይውጣ፤ ቆይቶ መሸጥ ይቻላል፤ የተሸጠውን መመለስ ግን አይቻልም። ሽማግሌዎች ስለ አንዳንዱ ዕቃ ረዥም ታሪክ ቢያወሩ ልጆች አይቸኵሉባቸው። ታሪኩን ተናግረው ሲጨርሱ «እንግዲህ ይሸጥ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሳይነገር የተወሰደባቸው ጊዜ ነው የሚያዝኑት። መሶቡና ጀበናው፥ ካባውና ጥልፍ ቀሚሱ፥ የግድግዳ ፎቶግራፉም ከገበያ ይልቅ በቤት ዋጋ አላቸው። የብራና መጽሐፍ፥ አሮጌ መስቀል ወይም ይህን የመሰለ ጥንታዊ ነገር ያለው ሰው ደግሞ ለመንገደኛ ከመስጠት ይጠንቀቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የተከለከለ ነውና።

እኛ የምንሠራው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስለ ሆነ፥ በአንድ ቁም ሣጥን ምክንያት የተጀመረ ጠብ ወረቀቱ እንዴት እየወፈረ እንደሚሄድ እናውቃለን። በአዲስ አበባ በሚሠራበት በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፥ ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስና በስጦታ የተገኘ ዕቃ የግል ነው። ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሸጠው ግን በባልና ሚስቱ ስምምነት እንደ ሆነ አንቀጽ 68 ይናገራል። ሕጉ በወጣበት በ1992 ዓ.ም. 500 ብር ደኅና ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ ግን አንድ ድስት ከነክዳኑ ከዚያ ሊያልፍ ይችላልና፥ ባል ሚስቱ ገበያ ሄዳ ሳለች፥ ሚስትም ባሏ ሥራ ላይ ሳለ የምትሸጠው ነገር ብዙ አይኖርም። ከሞተ ሰው የቀረ ዕቃም እንደ ሆነ ወራሾቹ ሁሉ ሳይስማሙ አንዱ ብቻውን ከመሸጥ ይከልከል፤ የተሸጠው ወንበር ዋጋ ለአቤቱታው ማጻፊያ እንኳ የማይበቃበት ጊዜ አለ።

ዕቃው ከተለየ በኋላ መሳቢያው ሁሉ እስከ ታች ይፈተሽ። የኮትና የካፖርት ኪስ፥ የመጽሐፍ ገጽ፥ የፍራሽ ሥር፥ የቡፌው ጀርባ ሳይቀር ይታይ። የቤት ካርታ፥ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፥ የባንክ ደብተር፥ የአባት ደብዳቤ የሚገኘው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። የሚሸጥ ስልክ ወይም ኮምፒዩተርም ቢኖር በውስጡ ያለው ፎቶግራፍና ጽሑፍ ሳይደመሰስ አይሰጥ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጽዳት ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን፥ ሰው የሚሰንፍበት ስፍራ ነውና። በአቧራ የተሸፈነ ቡፌና የተወለወለ ቡፌ አንድ ዕቃ ሲሆኑ በገዢ ዓይን ግን ሁለት ናቸው። እንጨቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፥ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ዘይት በነካው ጨርቅ ይታሽ። የላላው ብሎን ይጥበቅ። ብረት ድስቱ በአመድ ወይም በሳሙና ተፈትጎ ክዳኑ ይፈለግለት፤ ክዳን የሌለው ድስት ግማሽ ድስት ነው። ብርጭቆና ሲኒ በስድስት በስድስት ይሰብሰብ፤ አምስት ብቻ ከቀረ አምስት መሆኑ ይነገር። ፍራሹ ሁለት ሦስት ቀን በፀሐይ ይመታ፤ ትኋን ያለበት እንደ ሆነ ግን በምንም ዋጋ አይሸጥ፥ በስጦታም አይሰጥ፤ የጎረቤትን ቤት ማበላሸት ነውና። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ገመድ እስከ በረንዳ ድረስ ይዘርጋ፤ ምጣዱ ሲግል፥ ራዲዮኑ ሲናገር፥ ማቀዝቀዣውም ሲቀዘቅዝ ገዢው በዓይኑ ያየ እንደ ሆነ ክርክሩ ያጥራል። የማይሠራው ዕቃ «አይሠራም» ተብሎ ይጻፍበት። የተደበቀ ጉድለት በኋላ የተገለጠ እንደ ሆነ ሻጩን በሕግ ሊያስጠይቀው ይችላል፤ ከሕጉም በፊት ስሙን ያጠፋዋል።

ቀኑ ቢቻል ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ያለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢሆን ይመረጣል። እሑድ ከሆነ ከቅዳሴ መልስ ሰው ይበዛል። በክረምት ግን ይህን ሥራ ባይጀምሩት ይሻላል፤ አንድ የሐምሌ ዶፍ የወንበሩን ልብስ አበላሽቶ ያሳድራል። ወራቱን መምረጥ የሚችል ሰው ጥርንና የፋሲካን ሰሞን ይመልከት፤ በእነዚህ ወራት ሠርግ ስለሚበዛ ጎጆ የሚወጡ ሙሽሮች አልጋና የወጥ ቤት ዕቃ ይፈልጋሉ። የተማሪ ጠረጴዛና መጽሐፍ ደግሞ በጳጉሜንና በመስከረም መግቢያ ፈላጊ አለው።

ስለ ዋጋ የሆነ እንደ ሆነ፥ ቤተ ሰቡ ለትልልቁ ዕቃ ሦስት ዋጋ አስቀድሞ ይወስን፤ የሚጠራውን፥ ደስ የሚያሰኘውንና ከዚያ በታች የማይሸጥበትን። የመጀመሪያው በወረቀት ተጽፎ ዕቃው ላይ ይለጠፍ፤ ሦስተኛው ግን በቤተ ሰቡ ልብ ይቈይ። በአገራችን ዋጋ ተጽፎ ቢታይም «የመጨረሻውን ንገሩኝ» ሳይባል የሚገዛ ሰው ስለሌለ፥ ጥቂት የመቀነሻ ቦታ መተው ያስፈልጋል፤ እጅግ አስወድዶ መጥራት ግን ገዢውን ከበር ይመልሰዋል። የሚከራከረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አባት «አይቀነስም» ሲል ልጅ «ይሁን ይውሰዱት» ያለበት ቤት ዋጋውንም ክብሩንም ያጣል። በጎረቤት ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ ስላለ ጎረቤት እንደ ልቡ አይከራከርም፤ እንግዲህ ለጎረቤት ሻጩ ራሱ ሳይጠየቅ መቀነሱ ጨዋነት ነው።

ደላላ በማለዳ፥ ሌላው ሰው ሳይመጣ፥ ሁሉን በጅምላ ልውሰድ ብሎ መምጣቱ አይቀርም። ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ እንጀራው ነው። ነገር ግን እስከ ቀትር ሳይቆዩ ለእርሱ መስጠት ጠቅላላውን ድካም ከንቱ ያደርጋል። አንዳንዱም ለአንድ ዕቃ ጥቂት ቀብድ ጥሎ ይሄድና ሳይመለስ ይውላል፤ ሻጩም ሌላ ገዢ ሲመጣለት ይጨነቃል። የቀብድ ነገር በ1952 ዓ.ም. በወጣው በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተወስኗል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከመቀበል በፊት ቀሪው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈል፥ ሰዓቱ ካለፈም ዕቃው ለሌላ እንደሚሸጥ በወረቀት ይጻፍ።

ገንዘቡን የሚቀበል ሌላ ሰው ይሁን፤ የሚከራከረውና የሚቀበለው አንድ ሰው ከሆነ ሒሳቡ ይምታታል። ለመልስ የሚሆን ዝርዝር ብር ከትናንት ጀምሮ ይዘጋጅ። በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፍል ገዢ ቢኖር በእርሱ ስልክ ላይ የሚያሳየው ሥዕል አይበቃም፤ ገንዘቡ መግባቱ በሻጩ በራሱ ስልክ ሳይታይ ዕቃው ከበር አይውጣ። ለማቀዝቀዣ፥ ለቴሌቪዥንና ለመሳሰለው የሻጭና የገዢ ስም፥ የዕቃው ቁጥርና ዋጋው፥ ቀኑም የተጻፈበት አጭር ወረቀት በሁለት ቅጂ ይደረግ። ገዢው በመንገድ «ከየት አመጣኸው?» ቢባል የሚያሳየው ይኖረዋል።

እስከ ማታ ያልተሸጠው ወደ ቤት አይመለስ፤ ቤቱ ሊለቀቅ ነውና። የሚለበሰው ልብስና ደኅናው ብርድ ልብስ ታጥቦ እንደ መቄዶንያ ላሉ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ለሚጦሩ ቤቶች ሊሰጥ ይችላል፤ የተማሪ መጽሐፍ ለሰፈሩ ልጆች ይበቃል። የማገዶ ምጣዱንም ግቢ ያላት ጎረቤት ትወደዋለች። ቆራሌውን መጥራት የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ በማግስቱ ሰኞ ጧት ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚቀርለት የዛገ ቆርቆሮ፥ ባዶ ጠርሙስና የተሰበረ ባልዲ ብቻ ስለ ሆነ፥ እርሱም ዋጋውን ያውቃል፥ ቤተ ሰቡም አይከራከረውም።