የዩቲዩቡ ቆዳና የሸራ ተራው ቆዳ

ቆዳ መስፋትን በትርፍ ጊዜው የጀመረ የአዲስ አበባ ልጅ አስተማሪው ብዙውን ጊዜ ዩቲዩብ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ወፍራም፣ ፈዛዛ ቡናማ ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ያነጥፋል፤ በስፖንጅ ያርሰዋል፤ በብረት ማኅተም እየመታ አበባና ቅጠል ያወጣበታል፤ በመጨረሻም ጠርዙን በእንጨት አሽቶ አሽቶ ያብለጨልጨዋል። ጀማሪው በማግስቱ መርካቶ ሸራ ተራ ወርዶ ቆዳ ገዝቶ ይመለስና ያንኑ ይሞክራል። ማኅተሙ ለአፍታ ይታይና ይጠፋል። ጠርዙም ቢታሽ ቢታሽ እንደተቦጨቀ ይቀራል። ያኔ "እጄ አይሆንም" ብሎ ዕቃውን አልጋ ሥር የሚከት አለ፤ "መሣሪያዬ ነው" ብሎ ከቻይና ሌላ የሚያዝም አለ።

ችግሩ እጁም መሣሪያውም አይደለም። የገዛው ቆዳ ሌላ ነው።

የቪዲዮው ቆዳ በዛፍ ልጣጭና በመሳሰሉት እጽዋት የለፋ የከብት ቆዳ ነው። ለማልፋት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ ሲወጣ ደረቅ ያለ፣ ውሃ የሚጠጣ፣ የጫኑበትን ቅርጽ ይዞ የሚቀር ይሆናል። ከሞጆና ከአዲስ አበባ ፋብሪካዎች ወጥቶ ገበያችንን የሚሞላው ግን በአብዛኛው ክሮም በሚባል የማዕድን ጨው የለፋው ነው። ይህ ዘዴ አውግስጦስ ሹልትስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ወዲህ ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ የወራቱን ሥራ ወደ ቀናት አውርዶታልና። በክሮም የለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ቶሎ አይገባውም፣ ቢያጥፉት ተመልሶ ይዘረጋል። ለጫማና ለጃኬት የሚፈለገውም ይኸው ጠባዩ ነው። ማኅተም አለመያዙና ጠርዙ በማሸት አለመለስለሱም ከዚሁ የመጣ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ጫፉን በስለት ቆረጥ አድርጎ ውስጡን ማየት፤ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ነገር መሃል ላይ ካለ ክሮም ነው። ቀለሙ ዘልቆት መሃሉ የማይታይ ከሆነ በጀርባው በኩል ጠብታ ውሃ ጣል ማድረግ ነው፤ በእጽዋት የለፋው ውሃውን ቶሎ ጠጥቶ ይጠቁራል። በላይተር እያቃጠሉ መለየትን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አሉ፤ የክሮም ቆዳ ጭስ ለሳንባ አይበጅምና ይህኛው ቢቀር ይሻላል። (ብራና ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ ተፍቆ፣ ተወጥሮ የደረቀ እንጂ ያልለፋ ሌጦ ነው። ለቦርሳ የሚያስበው ካለ ከዝናብ ጋር ይጣላል።)

እንግዲህ አገር ውስጥ ያለ ሰው ቪዲዮውን ለመምሰል ከመታገል ይልቅ እጁ ላይ ያለው ቆዳ ለምን እንደተፈጠረ ቢጠይቅ ያተርፋል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፤ በዓለም ገበያ ስሙ የሚነሳው በእጅ ጓንት ነው። በእንግሊዝ አገር ዮቪል ከተማ የነበረው ፒታርድስ የተባለ ኩባንያ ለጓንት የሚሆነውን ሌጦ ለረጅም ዘመን ከኢትዮጵያ ሲወስድ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 እጀርሳ ያለውን የቆዳ ፋብሪካ ራሱን ገዝቶት ነበር። በፍየል በኩል ደግሞ የባቲ ሌጦ አለ፤ ወፈር፣ ጠበቅ ያለ፣ ገጹ ያማረ በመሆኑ ነጋዴው በስሙ ለይቶ የሚጠራው ነው። በበግ በኩል እንዲህ በስሙ የሚጠራው የሰላሌው ነው።

ይህን የያዘ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ቀበቶ ሊሆን አይገባም። ቀበቶ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ውፍረት ይፈልጋል፤ የበግ ሌጦ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። በግ ለካርድ መያዣ፣ ለመነጽር ኪስ፣ ለጌጣጌጥ ከረጢት፣ ለማስታወሻ ደብተር ሽፋን ይሆናል፤ ገበር ሲገባበት ደግሞ ያምራል። ፍየሉ ለኪስ ቦርሳ ምርጥ ነው። የጫማ ፊት ተብሎ የሚሸጠው የከብት ቆዳ ለትከሻ ቦርሳ ይበቃል፤ ቀበቶ ካማረው ግን ሁለት ድርብ አጣብቆ መስፋት ነው።

ግዢ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው ባለማወቅ ነው። ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ሲሆን ልኩ ብዙውን ጊዜ በጀርባው ተጽፎ ይገኛል። አንዱ ስኩዌር ፊት 30 ሳንቲሜትር ተኩል በ30 ሳንቲሜትር ተኩል ነው፤ ይህን በወረቀት ቆርጦ ይዞ የሚሄድ ገዢ አይታለልም። ቆዳ ግን ጨርቅ አይደለም፤ እግርና አንገት፣ ጎድጓዳና ጠማማ አለው፤ ሩቡ በቁርጥራጭነት እንደሚቀር አስቦ መግዛት ያስፈልጋል። ሻጩ ጥቅልሉን ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚታየው የጀርባው መስመር ነው፤ ጠንካራውና እኩል የሆነው ክፍል እዚያ ነው። ሆዱ ጎተት ሲደረግ ይሳባል፤ ማንገቻ ከሆድ ከተቆረጠ ከወር በኋላ ይረዝማል።

ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ማየትም ደግ ነው። ጥቃቅን እብጠት የመሰሉ ነጠብጣቦች ከታዩ እከክ የሚባለው ነው፤ እንስሳው በሕይወት እያለ ቅማልና መሰል ጥገኛ ተባዮች ያደረሱት ጉዳት ሲሆን የኢትዮጵያን ሌጦ ደረጃ ከሚያወርዱት ዋነኛው ነው። በጀርባ በኩል ደግሞ ሲገፈፍ የተረፈ የቢላዋ ቁርጥ ይኖራል፤ ሲወጠር የሚቀደደው በእሱ ነው። ለጀማሪ እንዲህ ያለው ቆዳ መጥፎ ዕቃ አይደለም። በርካሽ ይገኛል፣ እጅ ይፈታበታል፣ ጉድለቱን እየዘለሉ መቁረጥንም ያስተምራል። ለደንበኛ የሚሰጥ ሥራ ላይ ግን አይገባም።

በበዓል ማግስት የበግ ቆዳ በየአጥሩ ሥር ተጥሎ የሚያይ ሰው "ወስጄ ባለፋውስ" ማለቱ አይቀርም። ይተወው። ጥሬ ሌጦ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካላገኘ መበስበስ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የኖራ፣ የፀጉር ማውለቅና የቆሻሻ ውሃ ጣጣ ከኮንዶሚኒየም ጎረቤት ጋር ያጣላል።

መሣሪያን በተመለከተ ገንዘብ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ስለቱ የሚቀየር ከተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወስፌ፣ ሁለት መርፌና የስፌት ቀዳዳ የሚያወጣ ባለ ጥርስ ሹካ። ሹካው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሲመረጥ በጥርሶቹ መሃል ያለውን ርቀት ማየት ይገባል። ለበግና ለፍየል 3 ሚሊሜትር ግድም ይበቃል፤ ለቀበቶ የተሠራው ሰፊው ስሱን ቆዳ ያበላሸዋል። እስኪገኝ ድረስ ማስመሪያ ተንተርሶ በእርሳስ ነጥብ አድርጎ በወስፌ መብሳትም ያስኬዳል። ሌላው ሁሉ ከአካባቢ ይገኛል። ከእብነ በረድ ቤት የተጣለ ቁራጭ ለመቀጥቀጫ፣ የወጥ ቤት ፕላስቲክ መክተፊያ ለመብሻ ይሆናል። ለክር ሰም የሚገዛ ሰው ከማር ገበያ ንጹሕ ሰም ቢገዛ ከውጭ በቆርቆሮ ታሽጎ ከሚመጣው አያንስም። ክሩ ግን ጥጥ እንዳይሆን፤ ላብና እርጥበት ይበላዋል። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ናይለን ወይም ፖሊስተር የተሻለ ነው።

ከተሩ ላይ ቆጣቢ መሆን ኪሳራ ነው። የደነዘዘ ስለት ስስ ቆዳን ይጎትተዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ጎኑ የተንሻፈፈ ቦርሳ ከዚያ ይመጣል።

የእጅ ስፌት ብልሃቱ በሁለት መርፌ መሆኑ ላይ ነው። ሰፊው የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ ክር ይቆርጣል፤ በሰም ያሻዋል፤ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ያስራል። አንዱን መርፌ በመጀመሪያው ቀዳዳ አሳልፎ ክሩን እኩል እስኪሆን ይስባል። ከዚያ በየቀዳዳው ሁለቱም መርፌዎች ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያውን ክር እንዳይወጋው ያንን ወደ ጎን ሳብ ማድረግ ነው፤ ከተወጋ ክሩ ተቆልፎ ይቀራል፣ ማጥበቅም አይቻልም። ሁልጊዜ ያው የቀኙ ወይም ያው የግራው ይቅደም፤ ካልሆነ ስፌቱ አንዱ ጋደም፣ አንዱ ቀጥ ይላል። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆረጥና ጫፉ በላይተር ይቀልጣል። የስፌት መኪና ሁለት ክር እርስ በርስ ስለሚያያይዝ አንዱ ቢበጠስ መተርተር ይጀምራል፤ በእጅ የተሰፋው ግን አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። በ1837 እ.ኤ.አ. የፈረስ ዕቃ ሰፊ ሆኖ የተነሳው የፓሪሱ ኤርሜስ ዛሬም ቦርሳውን በዚህ ይሰፋል።

ጠርዙስ? የክሮም ቆዳ መፍትሔ ማጠፍ ነው። አንድ ሳንቲሜትር ያህል ጠርዙን በከተር ከጀርባው አሳስቶ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ አጥፎ በመዶሻ መታ መታ ማድረግ። ማስቲሹ በሁለቱም ገጽ በስሱ ይቀባል፤ ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ ድረስ፣ ዐሥር ደቂቃ ግድም፣ ይጠበቃል፤ እርጥብ ሳለ የሚያጣብቅ ሰው ቆይቶ ይላቀቅበታል። መስኮት መክፈት ግዴታ ነው፣ ሽታው ራስ ያዞራል። ይህን አጠፋፍ ከሁሉ አሳምሮ የሚያውቀው ሸራ ተራ ውስጥ የጫማ ፊት የሚያዘጋጀው ልጅ ነው። ግማሽ ቀን አጠገቡ መቀመጥ፣ ቡና እየጋበዙ እጁን ማየት ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለው ወገን ግን ቪዲዮውን እንዳለ ቢከተል ያዋጣዋል፤ ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ላይ በ1919 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ታንዲ ሌዘር በእጽዋት የለፋውን ቆዳ ከነመሣሪያው ይሸጥለታል።

የመጀመሪያው ደንበኛ ዘመድ ነው፣ ዘመድ ደግሞ በነጻ ይፈልጋል። ለእናትና ለእህት በስጦታ መስጠት ያባት ነው፤ ለሌላው "ለአንተ ስለሆነ" የሚለውን ዋጋ ከለመዱ በኋላ መመለሻ የለውም። ዋጋ ሲተመን ቆዳው፣ ከቁርጥራጩ ጋር፣ ክሩ፣ ዚፑና ዘለበቱ ይደመራሉ፤ ላዩ ላይ የሰዓት ሒሳብ ይጨመራል። በእጅ የሚሰፋ አንድ የኪስ ቦርሳ ለጀማሪ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። የቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን እንኳ ያላካተተ ዋጋ ሰፊውን በራሱ ገንዘብ ያሠራዋል።

መርካቶ ከሚራገፈው የቻይና ቦርሳ ጋር በዋጋ መፎካከር የሚሞክር ይከስራል። የሚያዋጣው ቻይና የማትሠራውን መሥራት ነው። የጸሎት መጽሐፍ ማኅደር አንዱ ነው፤ ጥንት ዳዊት ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ያ ባለ ማንገቻ የቆዳ ከረጢት ዛሬም ፈላጊ አለው፣ ልኩም እንደ መጽሐፉ ይለያያል። ሌላው የአገልግል ቆዳ ማደስ ነው። ሦስተኛው በሰኔና በሐምሌ ለሚመረቅ ልጅ የሚሰጥ፣ ስሙ በፊደል የተጻፈበት ዕቃ ነው፤ የክሮም ቆዳ በቀዝቃዛ ብረት ባይታተምም ሞቅ ባለ ማኅተም ሲጫኑት ይቀበላል። ሙቀቱን አስቀድሞ በቁርጥራጭ መሞከር ነው እንጂ ስስ ሌጦ ሲበዛበት ይኮማተራል።

ደንበኛ በቃል የሚነግረውን ልክ ማመን አይገባም። መጽሐፉን ወይም ስልኩን ይዞ ይምጣ። ፓተርኑ በወፍራም ወረቀት ይቆረጥ፣ ዕቃው ገብቶ ይሞከር፣ ከዚያ ቆዳ ይነካ። ከመቁረጥ በፊት ግማሹን ቀብድ መቀበል ለቆዳው መግዣ ያገለግላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ደንበኛው የምር መሆኑን ያሳያል። በቴሌግራም "ስንት ነው?" ብሎ የሚጠፋው ብዙ ነው፤ ቀብድ በቴሌብር የላከ ግን ይመጣል። ለመስከረም፣ ለገና ወይም ለጥር ሠርግ የሚታዘዝ ሥራ ካለ፣ በመጨረሻው ሳምንት የመጣውን "አይደርስም" ማለት ይሻላል፤ በዓል ካለፈ በኋላ የደረሰ ስጦታ ስም ያጠፋል።

ቀለምም ያጣላል። አንዱ ሌጦ ከሌላው፣ ያለፈው ወር ጥቁር ቡናማ ከዚህ ወሩ ጋር ላይገጥም ይችላል። ስድስት አንድ ዓይነት ቦርሳ የታዘዘ ሰው ለስድስቱም የሚበቃውን በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ ጎን ለጎን ዘርግቶ አይቶ ይግዛ። አንድ ቦርሳ ብቻ ከሆነም ፊትና ጀርባው ከአንድ ሌጦ ይውጣ።

ወደ አውሮፓ የሚልክ ደግሞ አንድ ወረቀት ያስፈልገዋል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሰውነት የሚነካ የቆዳ ዕቃ በኪሎ 3 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ክሮም ስድስት የሚባለውን ጎጂ ዓይነት ከያዘ አይሸጥም። ይህን በዓይን መለየት አይቻልም። ቆዳውን ያለፋው ፋብሪካ የምርመራ ውጤት ካለው ቅጂውን ከሻጩ መጠየቅ ነው፤ ሻጩ ከየት እንደመጣ እንኳ የማያውቅ ከሆነ ያንን ቆዳ ለአገር ውስጥ ደንበኛ አድርጎ፣ ለአውሮፓው ትእዛዝ በቀጥታ ፋብሪካ መሄድ ነው።