መልስ ያልመጣለት ጥሪ፦ በፓይዘን የርቀት ጥሪን እንዴት እንያዝ?

ባለፈው የፈተና ምዝገባ ወቅት በኮምፒውተር ክፍላችን የደረሰውን ነገር አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያልሰማችሁ ካላችሁም እንነግራችኋለን፤ ጥፋቱ የኛው ስለሆነ መደበቁ ለማንም አይጠቅምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለምዝገባ የሚሆን ትንሽ የዌብ አፕሊኬሽን በፓይዘን ሠርተን ነበር። ተማሪው ስሙንና ክፍሉን የሚሞላበት ገጽ እኛ ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። የስም ዝርዝሩ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ደግሞ በሌላኛው ብሎክ ባለው ኮምፒውተር ላይ። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር፣ እንደምታውቁት፣ ጄኔሬተሩ በተንገራገጨ ቁጥር ይቋረጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪ «መዝግብ» የሚለውን ተጫነች። ገጹ ቆየ፣ ቆየና «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» አላት። እሷም እንደታዘዘችው እንደገና ሞከረች። ማታ ዝርዝሩን ስናየው ስሟ ሦስት ቦታ ተጽፏል። የሷ ብቻ ሳይሆን የሌሎችም። የተፈቀደው ቦታ 40 ነበርና በተደጋገሙ ስሞች ሞልቶ፣ ዘግይተው የመጡ ልጆች «ቦታ የለም» ተብለው ተመለሱ። ዝርዝሩን በእጃችን አጣርተን፣ ልጆቹን በየብሎኩ ፈልገን እስክናስገባ ሁለት ቀን ፈጀብን። አንዱን ልጅ ያገኘነው ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ነው። ባናገኘው ኖሮ አንድ ዓመት ይባክንበት ነበር።

እንግዲህ ይህ ለምን እንደደረሰና እንዴት እንዳስተካከልነው በዚህ እትም እናስረዳለን።

የርቀት ጥሪ ምንድነው?

ፓይዘን የጀመራችሁ ሁሉ ፈንክሽን መጥራት ታውቃላችሁ። «ደምር» የሚል ፈንክሽን ጽፋችሁ 2 እና 3 ብትሰጡት 5 ይመልስላችኋል። ጠሪውም ተጠሪውም አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው። ተጠሪው ፈንክሽን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን የርቀት ጥሪ ይባላል፤ በእንግሊዝኛው «ሪሞት ፕሮሲጀር ኮል»፣ ባጭሩ አርፒሲ። ጠሪው የፈንክሽኑን ስምና የሚሰጠውን ዋጋ ጠቅልሎ በኔትዎርክ ይልካል። ሰርቨሩ ፈትቶ ያነባል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ውጤቱን መልሶ ይልካል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አንድሩ ቢረል እና ብሩስ ኔልሰን የተባሉ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1984 በዝርዝር ጽፈው አሳትመዋል። ፍላጎታቸው የሩቁን ፈንክሽን መጥራት የቅርቡን እንደመጥራት ቀላል እንዲሆን ነበር። በዌብ በኩል እ.ኤ.አ. በ1998 ኤክስኤምኤል-አርፒሲ መጣ፤ ጥሪውን በኤክስኤምኤል ጽፎ በኤችቲቲፒ ይልካል። ሞጁሉ ከፓይዘን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር የለም፤ እኛ ላለንበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ጄሰን-አርፒሲ ተስፋፋ፤ 2.0 የተባለው ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። እኛ የተጠቀምነው ኤክስኤምኤል-አርፒሲን ነው፤ ችግሩ ግን በሁለቱም አንድ ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው?

አንድ ልጅ ሱቅ ላካችሁ እንበል። «ሂድና አንድ ኪሎ ስኳር በዱቤ አምጣ» ብላችሁት ጠፋ። ምን ሆነ? ምናልባት ሱቅ ሳይደርስ ኳስ ጨዋታ ይዞት ይሆናል። ምናልባት ባለሱቁ ዱቤውን ጽፎ፣ ስኳሩን ሰጥቶት፣ ልጁ ሲመለስ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ምናልባትም ገና ወረፋ ላይ ነው። ቤት ለተቀመጠ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው፦ ልጁ የለም። ታዲያ ሁለተኛ ልጅ ብትልኩ ዱቤ ደብተሩ ላይ ሁለት ኪሎ ሊጻፍባችሁ ይችላል።

የኛም ስህተት ይኸው ነበር። መልሱ ሲዘገይ ፕሮግራማችን «አልተሳካም» አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሰርቨሩ ስሙን መዝግቦ ነበር፣ የጠፋው መልሱ ነው። ፕሮግራሙ ማለት የነበረበት «አላውቅም» ነበር።

ስለዚህ የርቀት ጥሪ ሳይሳካ ሲቀር ዓይነቱን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ ሰርቨሩ ሰምቶ ስህተት መኖሩን ሲመልስ ነው። በፓይዘን «ፎልት» የሚባለው ይህ ነው። ለምሳሌ የክፍሉ ስም ተሳስቶ ከሆነ መደጋገሙ ዋጋ የለውም፤ የተሞላው ይስተካከል።

ሁለተኛው፣ ግንኙነቱ ከመጀመሪያውም እምቢ ሲል ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ከሆነ ጥሪው አልደረሰም፤ ቆይቶ መሞከር ይቻላል።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው ዝምታ ነው። ጥሪው ሄደ፣ መልስ አልመጣም። ሥራው ተሠርቶም ላይሆንም ይችላል።

እንዴት አስተካከልነው?

1ኛ. የጊዜ ገደብ ሰጠን። በፓይዘን የኔትዎርክ ግንኙነት ገደብ ካልተሰጠው ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ማለቂያ የለውም። የዌብ ሰርቨራችሁ በአንድ ጊዜ አራት ሰው ብቻ የሚያስተናግድ ቢሆን፣ አራት ጥሪዎች ተንጠልጥለው ሲቀሩ አምስተኛው ተማሪ ገጹንም ማየት አይችልም። እኛ 5 ሴኮንድ አደረግነው። ኤክስኤምኤል-አርፒሲን የሚጠራው ክፍል በቀጥታ የጊዜ ገደብ አይቀበልም፤ «ሶኬት» በተባለው ሞጁል ውስጥ ባለው «ሴት ዲፎልት ታይምአውት» ገደቡን ማስቀመጥ ግን ይቻላል። ይህ በዚያ ፕሮግራም ውስጥ አዲስ የሚከፈቱትን ሶኬቶች ሁሉ እንደሚነካ አትርሱ።

2ኛ. ለእያንዳንዱ ምዝገባ ልዩ ቁጥር ሰጠን። ወደ ሱቁ እንመለስ። ለልጁ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ብትሰጡትና ባለሱቁም ቁጥሩን ዱቤ ደብተሩ ላይ ቢያሰፍር፣ ሁለተኛው ልጅ ያንኑ ቁጥር ይዞ ሲመጣ «ይሄ ተሰጥቷል» ይላል፣ በቃ። ቢረልና ኔልሰንም በጽሑፋቸው ለእያንዳንዱ ጥሪ መለያ ሰጥተው ነበር፤ አንዱ ጥቅሙ ተደጋግሞ የመጣን ጥሪ መለየት ነው። በፓይዘን «ዩዩአይዲ» የተባለው ሞጁል እንዲህ ዓይነት ቁጥር ያወጣል። ዋናው ነገር ቁጥሩ የሚወጣበት ጊዜ ነው፦ ፎርሙ ሲከፈት እንጂ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር አይደለም። ያለዚያ ሦስቴ ሲጫኑ ሦስት ቁጥር ይወጣና ልፋታችን ከንቱ ይሆናል። ጄሰን-አርፒሲ የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እዚያ ውስጥ ያለው «አይዲ» መልሱን ከጥያቄው ጋር ለማዛመድ ነው፣ ድግግሞሽን በራሱ አይከለክልም።

3ኛ. ድግግሞሹን ዳታቤዙ ራሱ እንዲከለክል አደረግን። መጀመሪያ «ቁጥሩ አለ ወይ?» ብለን አይተን፣ ከሌለ እንጽፍ ነበር። ይህ ያታልላል። ሁለት ጥሪዎች እኩል ቢመጡ ሁለቱም «የለም» የሚል አይተው ሁለቱም ይጽፋሉ። አሁን በኤስኪውላይት ውስጥ የቁጥሩን ዓምድ «ዩኒክ» አድርገነዋል። ሁለተኛው ጽሑፍ ሲመጣ ዳታቤዙ እምቢ ይላል፤ ሰርቨሩም ስህተት ከማውጣት ይልቅ የመጀመሪያውን መልስ ፈልጎ ይመልሳል።

4ኛ. ሙከራውን በልክ አደረግን። ዝም ሲል ፕሮግራሙ ራሱ ያንኑ ቁጥር ይዞ 1 ሴኮንድ ቆይቶ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4 ሴኮንድ ቆይቶ ይሞክራል። ከዚያ ያቆማል። የደከመን ሰርቨር ያለ ፋታ ቢወተውቱት ጭራሽ ይወድቃል። ደግሞም ከፓይዘን ጋር የሚመጣው ቀላሉ የኤክስኤምኤል-አርፒሲ ሰርቨር፣ ካልቀየራችሁት በስተቀር፣ አንዱን ጥሪ ሳይጨርስ ሌላ አያስተናግድም።

5ኛ. ለተማሪው እውነቱን ነገርነው። አሁን ገጹ «ምዝገባዎ አልተረጋገጠም። ቁጥርዎ ይህ ነው፤ በዚሁ ቁጥር ቆይተው ያረጋግጡ» ይላል። ያረጋግጥ ያልነው ማንበብ ብቻ ስለሆነ አሥር ጊዜ ቢደጋገም ጉዳት የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ሰርቨራችሁ እንዲጠሩ የፈቀዳችኋቸውን ፈንክሽኖች ብቻ ይቀበል፤ ከውጭ የመጣን ስም ሁሉ እንዲፈጽም አታድርጉ። የፓይዘን መመሪያም የኤክስኤምኤል ሞጁሎቹ ተንኮል ካለበት መልእክት የተጠበቁ እንዳልሆኑ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ከማታውቁት ጠሪ አትቀበሉ።

የቤት ሥራ

ራሳችሁ ካላያችሁት አይዋጥላችሁምና ይህን ሞክሩ። ሁለት ተማሪዎች ሁለት ኮምፒውተር ይያዙ፤ አንድ ብቻ ካለም ሁለት መስኮት ይበቃል። ሰርቨሩ ስሙን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት፣ 10 ሴኮንድ እንዲተኛ አድርጉ። የጠሪውን ገደብ 5 ሴኮንድ አድርጉ። አንድ ስም ሦስት ጊዜ ላኩና ሰርቨሩ ሁሉንም እስኪጨርስ ጠብቃችሁ ረድፎቹን ቁጠሩ፤ ሦስት ታገኛላችሁ። ከዚያ ልዩ ቁጥሩን ጨምሩና ድገሙት። አንድ ካገኛችሁ ተሳክቶላችኋል።

ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ሳንጨርስ የወጣን አለን፤ ይህንንም የተማርነው ከስህተታችን እንጂ ከሌክቸር አይደለም። የተሻለ ዘዴ ያለው መምህር ወይም ተማሪ ካለ ክፍላችን ክፍት ነው፤ ብቅ በሉና አሳዩን። የሚቀጥለው ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ደግሞ ደስ ይለናል።

ቸር ይግጠመን።